ክፍሉን ሸልሞ ሙሉውን መንፈግ፦ አክሽን ፊልም በኦስካር ሚዛን

አክሽን ፊልሞች በኦስካር ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ ከዓመት ዓመት የማይለወጥ መልክ አለው። ድምፃቸው ይሸለማል፣ ኤዲቲንጋቸው ይሸለማል፣ ቪዥዋል ኢፌክታቸው ይሸለማል፤ ፊልሙ ራሱ፣ ዳይሬክተሩ፣ ጸሐፊውና ተዋናዩ ግን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጆርጅ ሚለር «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» ስድስት ኦስካር ወስዶ በዚያ ምሽት ከተሸለሙት ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ስድስቱ የተገኙት በኤዲቲንግ፣ በአልባሳት፣ በፕሮዳክሽን ዲዛይን፣ በሜካፕና በሁለት የድምፅ ዘርፎች ነው። የምርጥ ፊልም ሽልማት ለ«ስፖትላይት»፣ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ደግሞ ለ«ዘ ሬቨናንት» ዳይሬክተር ለአሌሃንድሮ ኢኛሪቱ ተሰጠ። «ዘ ማትሪክስ» በ2000 በአራት ዘርፎች ታጭቶ አራቱንም አሸንፏል፤ ለምርጥ ፊልም ግን ዕጩ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባም። «ተርሚኔተር 2» አራት፣ «ዘ ቦርን አልቲሜተም» ሦስት ኦስካር አላቸው፤ የዘርፎቹ ዓይነት ያው ነው። ከእሱ በኋላ ለመጡት አክሽን ፊልሞች ሁሉ አርአያ የሆነው «ዳይ ሃርድ» በአራት የሙያ ዘርፎች ታጭቶ አንዱንም ሳይወስድ ቀርቷል። የ«ጆን ዊክ» ተከታታይ ፊልሞች አራት እስኪሞሉ ድረስ አንድም ዕጩነት አላገኙም።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት በሃያሲም ሆነ በተራ ተመልካች አፍ አንድ ነው። አክሽን ፊልም መዝናኛ እንጂ ጥበብ አይደለም ይባላል። ታሪኩ ለተኩሱ ሰበብ ነው፤ ገጸ ባህርያቱ ከመሮጥና ከመደባደብ በቀር የውስጥ ሕይወት የላቸውም፤ የሚደነቅ ነገር ካለበትም የባለሙያዎቹ የቴክኒክ ችሎታ ስለሆነ የቴክኒክ ሽልማት ይበቃዋል፤ በዚያ ላይ ከቲኬት የሚገባው ገንዘብ ካሳው ነው። ይህ አመለካከት ሥር ከመስደዱ የተነሳ የአክሽን ፊልም ወዳጆች ራሳቸው ተቀብለውታል። የወደዱትን ፊልም ለሌላ ሰው ሲነግሩ «ብዙ ቁም ነገር የለውም፣ ግን ያዝናናል» እያሉ አስቀድመው ይቅርታ ይጠይቁለታል። አመለካከቱ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሲኒማ በምን እንደሚናገር ካለማወቅ የመጣ ስህተት ነውና በጣዕም ልዩነት ተሳቦ የሚታለፍ አይደለም።

የሽልማቱ ታሪክ ራሱ ይህን አመለካከት አይደግፍም። የአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ በ1927 ተቋቁሞ በሜይ 1929 የመጀመሪያውን ሽልማት በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ሲሰጥ፣ ዛሬ ምርጥ ፊልም የሚባለውን ሽልማት የወሰደው «ዊንግስ» የተሰኘ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ፊልም ነበር። በዚያ ዓመት ከፍተኛው ሽልማት ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር፣ ለየት ላለ ጥበባዊ ሥራ የተባለው ሌላኛው ለዳይሬክተር ሙርናው «ሰንራይዝ» ደረሰ። አካዳሚው በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን ዘርፍ ሰርዞ፣ የምርጥ ፊልምን ታሪክ ከ«ዊንግስ» ጀምሮ መቁጠር ያዘ።

የ«ዊንግስ» ዳይሬክተር ዊሊያም ዌልማን በጦርነቱ ጊዜ በፈረንሳይ ሰማይ ላይ የተዋጋ አብራሪ ነበር። ካሜራዎችን አውሮፕላኖቹ ላይ አስገጥሞ፣ ተዋንያኑን አየር ላይ አውጥቶ የገዛ ፊታቸውን ራሳቸው እንዲቀርጹ አደረገ። ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ቀረጻ አቁሞ ደመና ይጠብቅ ነበር፤ ከጀርባው ደመና ከሌለ የአውሮፕላን ፍጥነት ለዓይን አይታወቅምና። ወጪው እየጨመረ ቀኑ ሲነጉድ ዌልማን ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። ይህ የአንድ ቴክኒሻን ብልሃት ሳይሆን የዳይሬክተር ውሳኔ ነው፤ እንቅስቃሴ ትርጉም የሚያገኘው ከቆመ ነገር ጋር ሲተያይ መሆኑን የተረዳ ሰው ውሳኔ። ሆኖም ዌልማን ለምርጥ ዳይሬክተር አልታጨም። ፊልሙን ከፍ አድርጎ የፊልሙን ደራሲ መርሳት የተጀመረው እንግዲህ በመጀመሪያው ምሽት ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» ተዋንያኑን በእውነተኛ የጦር ጄት ጭኖ፣ ስድስት ካሜራ በአብራሪው ክፍል ውስጥ ገጥሞ የዌልማንን ዘዴ በአዲስ መሣሪያ ደገመው። ለምርጥ ፊልም ታጨ፤ ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ኮሲንስኪና ሲኒማቶግራፈሩ ክላውዲዮ ሚራንዳ ግን አልታጩም። ያሸነፈውም በድምፅ ብቻ ነው።

በመካከሉ ባሉት ዓመታት ውጊያና ማሳደድ የበዛባቸው ፊልሞች ዋናውን ሽልማት ያገኙበት ጊዜ አለ፤ የተለመደው አመለካከት ደጋፊዎችም ይህን አድልዎ እንደሌለ ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። «ቤን ኸር» አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» አሥራ አንድ፣ «ግላዲያተር» አምስት ኦስካር ወስደዋል፤ «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን»ም «ብሬቭሃርት»ም ምርጥ ፊልም ተብለዋል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው በር ላይ ሲደርሱ ያሳዩት ሌላ መታወቂያ ነበራቸው። አንዱ የክርስትና ዘመን ታሪክ፣ አንዱ የተከበረ ልብ ወለድ፣ አንዱ የሮም ታሪክ፣ አንዱ የእውነተኛ የፖሊስ ምርመራ፣ አንዱ የስኮትላንድ የነፃነት ትግል። ከ«ቤን ኸር» ሰው የማይረሳው የሠረገላውን እሽቅድምድም ነው። ያንን ትዕይንት የመሩት አንድሩ ማርተንና የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ባለሙያው ያኪማ ካነት ናቸው፤ የዳይሬክተርነቱን ኦስካር ዊሊያም ዋይለር ሲቀበል ለእነሱ የሚሆን ዘርፍ አልነበረም። አክሽን በታሪክ ወይም በጦርነት ካባ ተሸፍኖ ሲመጣ ያልፋል፤ ራሱን ሆኖ ሲመጣ ይመለሳል።

«ታሪክ የለውም» የሚለው ክስ ከሁሉም ይበልጥ የተደጋገመና ከሁሉም ይበልጥ ደካማ ነው። ክሱ ታሪክን ከንግግር ጋር ያምታታል። ሰዎች ተቀምጠው ስለ ሕመማቸው ካላወሩ በውስጣቸው የሆነ ነገር ያለ አይመስለውም። ይህ መለኪያ ከቲያትር መድረክና ከልብ ወለድ የተወረሰ ነው፤ በእሱ አክሽን ፊልምን መመዘን እስክስታን በዘፈኑ ግጥም ብቻ እንደመመዘን ነው።

«ፊዩሪ ሮድ» ውስጥ ያለውን የሌሊት ትዕይንት ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የፊልሙ ዋና ገጸ ባህርያት ማክስና ፉሪዮሳ መጀመሪያ ሲገናኙ ሊገዳደሉ የተናነቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በአንድ መኪና ቢጓዙም አይተማመኑም። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አሳዳጃቸው በጭጋጉ ውስጥ መብራት እያበራ ሲቀርብ፣ ለርቀት የሚሆናቸው አንድ ጠመንጃና በጣት የሚቆጠር ጥይት ነው። ማክስ ይተኩሳል፤ ይስታል። እንደገና ይተኩሳል፤ ይስታል። የቀረችው አንዲት ጥይት ናት። ፉሪዮሳ ከኋላው መጥታ ትንበረከካለች። ማክስ ለአፍታ ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ ጠመንጃውን ያቀብላታል። እሷም ትከሻውን መደገፊያ አድርጋ፣ እንዳይተነፍስ ነግራው ተኩሳ ትመታለች። በዚህች ትዕይንት አንድ ሰው ኩራቱን ይተዋል፤ ሌላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድ ትከሻ ላይ ክብደቷን ታሳርፋለች፤ ሁለቱም ሕይወታቸውን በአንዲት ጥይት አንድ ያደርጋሉ። ስለ መተማመን የተነገረ አንድ ቃል የለም። ይህን በንግግር ለማሳየት የሞከረ ድራማ ቢሆን ምናልባት አሥር ደቂቃ ይፈጅበት፣ ለጽሑፉም ይታጭ ነበር። «ፊዩሪ ሮድ» በፊልም ጽሑፍ ዘርፍ አልታጨም። ሚለርና ባልደረቦቹ ግን ገና ከመነሻው ታሪኩን በተለመደው መንገድ ከመጻፍ ይልቅ በ3,500 ገደማ ተከታታይ ሥዕሎች ነው ያዘጋጁት። የጻፉት በሲኒማ ፊደል ነው፤ መራጮቹ ጽሑፍነቱ አልታያቸውም።

የፊልሙ ኤዲተር ማርጋሬት ሲክስል ከዚያ በፊት አክሽን ፊልም ኤዲት አድርጋ አታውቅም ነበር። ወደ 480 ሰዓት የሚጠጋ ቀረጻ ተቀብላ የሁለት ሰዓት ፊልም አወጣች። ምስሎቹ በፍጥነት ቢለዋወጡም የተመልካች ዓይን አይደናገርም፤ ምክንያቱም ሚለርና ሲኒማቶግራፈሩ ጆን ሲል የእያንዳንዱን ምስል ዋና ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የተዋናዩን ፊት፣ የስክሪኑ መሐል ላይ እንዲውል አድርገው ቀርጸዋል። ዓይን የሚፈልገውን ካለበት ስለሚያገኘው ልብ ለስሜቱ ነፃ ይሆናል። የኤዲቲንግ ሽልማቱ ለሲክስል በሚገባ የተሰጠ ነው። ነገር ግን ይህ ኤዲቲንግ ሊሠራ የቻለው ዳይሬክተሩ ከቀረጻው በፊት ምስሎቹ እንዴት እንደሚጋጠሙ ስላወቀ ነው። መቁረጡን ሸልሞ አቆራረጡን ያለመውን ሰው ማለፍ፣ ድምፁን ሸልሞ ድምፁ የሚያገለግለውን ትዕይንት ጥበብ አይደለም ማለት እርስ በርሱ የሚጣረስ ፍርድ ነው። አንድ ፊልም በስድስት የሙያ ዘርፎች የዓመቱ ምርጥ ከሆነ፣ እነዚያን ሙያዎች ወደ አንድ ሐሳብ ያመጣቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ የመራጩ ግዴታ ነበር።

በትወና ላይ የሚደረገው አድልዎ ከዚህም የከፋ ነው። የተለመደው አባባል አክሽን ተዋናይ «አካሉን እንጂ ነፍሱን አያሳይም» የሚል ነው። ሆኖም አካዳሚው አካላዊ ትወናን እንደማይሸልም አድርጎ ማሰብ ስህተት ይሆናል፤ ሥቃይ እስከሆነ ድረስ በደስታ ይሸልመዋል። «ፊዩሪ ሮድ» በተሸለመበት በዚያው ምሽት ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በ«ዘ ሬቨናንት» የምርጥ ተዋናይነትን ኦስካር ወሰደ። በፊልሙ ዙሪያ ከተነገረው ሁሉ ጎልቶ የወጣው ተዋናዩ በብርዱ መንገላታቱ፣ በበረዶ ወንዝ መግባቱ፣ ጥሬ የጎሽ ጉበት መብላቱ ነበር። ዲካፕሪዮ ድንቅ ተዋናይ ነው፣ ሽልማቱም አይነቀፍም። ጥያቄው አካሉን ለብርድ የሰጠ ተዋናይ አርቲስት ከሆነ፣ አካሉን ለትዕይንቱ ፍጥነት፣ ለውድቀቱና ለዝላዩ የሰጠ ተዋናይ ለምን ስፖርተኛ ብቻ ይባላል የሚለው ነው። ሻርሊዝ ቴሮን በዚያ ዓመት ፉሪዮሳን ስትጫወት በዓይኗና በትከሻዋ የሠራችው ሥራ ለዕጩነት እንኳ አልበቃም።

«ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» ሌላ ምስክር ነው። ቶም ክሩዝ ከሲ-17 የጦር አውሮፕላን በፓራሹት የሚዘልበት ትዕይንት በአቡ ዳቢ ሰማይ ላይ ተቀርጿል። የተፈለገው የማምሻ ብርሃን በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚገኝ ስለነበር በቀን አንዴ ብቻ ነበር መሞከር የሚቻለው፤ ትዕይንቱ እስኪሳካ ልምምዱን ጨምሮ ከመቶ ጊዜ በላይ ተዘልሏል። ክሬግ ኦብራየን የተባለው ካሜራማን ካሜራውን የራስ ቁሩ ላይ አስሮ፣ ፊቱን ወደ ተዋናዩ አዙሮ አብሮት ይወድቅ ነበር። ክሩዝ ወደ ካሜራው በትክክለኛው ርቀት ካልደረሰ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከተጠጋ ይጋጫሉ። በዚህ ሁሉ መሐል የገጸ ባህርዩን ፍርሃትና ቁርጠኝነት በፊቱ መያዝ ነበረበት። ይህን የመሰለ የተዋናይ፣ የካሜራና የብርሃን ቅንጅት በድራማ ፊልም ውስጥ ቢገኝ ስሙ የሲኒማ ጥበብ ይሆን ነበር። «ፎልአውት» በኦስካር በአንድም ዘርፍ አልታጨም።

ገንዘባቸው ሽልማታቸው ነው የሚለው መከራከሪያ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። «ታይታኒክ» በዘመኑ ከፊልሞች ሁሉ የበለጠ ገቢ አስገብቶ አሥራ አንድ ኦስካር ወስዷል፤ «ኦፐንሃይመር» ወደ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገብቶ በ2024 ምርጥ ፊልም ተብሏል። ገንዘብ ኃጢአት የሚሆነው ለአክሽን ብቻ ነው ማለት ነው። አካዳሚው ራሱ ይህን ሐሳብ ወደ ደንብ ለመለወጥ ሞክሮ ነበር፤ በኦገስት 2018 «ተወዳጅ ፊልም» የሚል አዲስ ዘርፍ እንደሚከፍት አስታወቀ። ሕዝብ የወደዳቸውን ፊልሞች ከምርጦቹ ለይቶ ሌላ ክፍል የማስቀመጥ ዕቅድ ስለነበር ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ገጠመው፤ በሚቀጥለው ወር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ተብሎ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ጭካኔና ደም ይበዛበታል የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት «ዘ ጎድፋዘር»፣ «ዘ ዲፓርትድ» እና «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ምርጥ ፊልም መባላቸውን ዘንግተው ነው። «ተርሚኔተር 2» በሙያ ዘርፎች ብቻ በተወሰነበት ዓመት ዋናውን ሽልማት የወሰደው ሰው ስለሚበላ ገዳይ የሚተርከው «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ነበር። ብዙ አክሽን ፊልሞች ተራ መሆናቸው እውነት ነው፤ ብዙ ድራማዎችም ተራ ናቸው፣ ማንም ግን በእነሱ ምክንያት ድራማን በሙሉ ከሽልማት አያርቅም።

አድልዎው በአስተሳሰብ ብቻ የቆመ ሳይሆን በአሠራርም የተደገፈ ነው። አካዳሚው በሙያ ቅርንጫፎች የተከፋፈለ ሲሆን ከሁሉም ትልቁ የተዋንያን ቅርንጫፍ ነው። ዕጩዎችን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በሙያው ይመርጣል፤ ለምርጥ ፊልም ግን ሁሉም አባላት ይጠቁማሉ፣ ሁሉም ድምፅ ይሰጣሉ። ረጅም ንግግር፣ እንባና የድምፅ ለውጥ ተዋናይ በቀላሉ የሚያውቃቸው የሙያው ምልክቶች ናቸው፤ አንድ የማሳደድ ትዕይንት እንዴት እንደተሠራ ለማየት ግን ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ በ2012 ባወጣው ጥናት የመራጮቹ መካከለኛ ዕድሜ 62 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አካዳሚው ከዓለም ዙሪያ ብዙ አዳዲስ አባላት ቢጨምርም የአመዛዘን ልማዱ ቶሎ አልተለወጠም። ከ2009 ፊልሞች ጀምሮ ምርጥ ፊልም የሚመረጠው መራጩ ዕጩዎቹን በደረጃ በሚያስቀምጥበት ስልት ነው፤ ይህም ጥቂቶች አጥብቀው ከሚወዱት ይልቅ ብዙዎች የማይጠሉትን ፊልም ይጠቅማል። በዚያ ላይ ስቱዲዮዎቹ አክሽን ፊልሞቻቸውን በአሜሪካ የበጋ ወራት ለቀው፣ ለሽልማት የሚሹትን ድራማ ለዓመቱ ማብቂያ ያስቀምጣሉ። የቅስቀሳውን በጀትም ለድራማው ይመድባሉ። ከዚያ በኋላ አክሽን ሳይታጭ ሲቀር ሽልማት የሚገባው አልነበረም ይባላል።

«ዘ ዳርክ ናይት» በ2009 በስምንት ዘርፎች ታጭቶ ከምርጥ ፊልም ዕጩዎች ሲቀር የተነሳው ቁጣ አካዳሚውን አስደንግጦት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዕጩዎቹ ቁጥር ከአምስት ወደ አሥር ከፍ አለ። እርምጃው «ብላክ ፓንተር»ን ለመሰሉ ፊልሞች የዕጩነት በር ከፍቷል፤ ውጤቱ ግን ዕጩ ዝርዝሩን ማስረዘም ሆነ እንጂ የመራጩን መለኪያ አልነካም። «ብላክ ፓንተር» ራሱ ያሸነፈው በአልባሳት፣ በፕሮዳክሽን ዲዛይንና በሙዚቃ ነው።

ከሁሉም በላይ የተጎዱት የስታንት ባለሙያዎች ናቸው። ያኪማ ካነት በ1939 በወጣው «ስቴጅኮች» ውስጥ በሙሉ ፍጥነት ከሚጋልቡ ፈረሶች መካከል ወድቆ፣ ሠረገላው በላዩ ላይ እንዲያልፍ ያደረገበት ትዕይንት ዛሬም ይጠናል። ከአርባ ዓመት በኋላ በ«ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» ኢንዲያና ጆንስ በመኪና ሥር የሚጎተትበት ትዕይንት የእሱ ሥራ ልጅ ነው። ካነት ያገኘው የክብር ኦስካር ብቻ ነው፤ ባስተር ኪተን፣ ሃል ኒድሃምና ጃኪ ቻንም እንዲሁ። ኪተን በ1928 በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ የቤት ግድግዳ በሙሉ ወደ እሱ ሲወድቅ፣ የመስኮቱ ክፍተት በሚያርፍባት ጠባብ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ቀርጾታል። የተሸለመው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የገነነበት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። የክብር ሽልማት መልካም ነገር ነው፤ ግን ሥራው በተሠራበት ዓመት ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተወዳድሮ የሚገኝ ሽልማትን አይተካም። የስታንት አስተባባሪው ጃክ ጊል ዘርፉ እንዲከፈት መጠየቅ የጀመረው በ1991 ነው። ለቴሌቪዥን የሚሰጠው የኤሚ ሽልማትና የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ሽልማት ከብዙ ዓመታት በፊት ለስታንት ቦታ ሰጥተዋል።

ሌላ መለኪያ እንደሚቻል ሆንግ ኮንግ አሳይታለች። የከተማዋ የፊልም ሽልማት ከ1983 ጀምሮ ለምርጥ የአክሽን ቅንብር የራሱ ዘርፍ አለው። በ1986 ደግሞ ምርጥ ፊልም ብሎ የመረጠው የጃኪ ቻንን «ፖሊስ ስቶሪ» ነው፤ ቻን በገበያ አዳራሽ ውስጥ በመብራት የተጠመጠመ ረጅም ምሰሶ ይዞ እየተንሸራተተ የሚወርድበትን ፊልም። በዚያ ከተማ የሲኒማ ሰዎች ውጊያን እንደ ጭፈራ፣ እንደ ሙዚቃና እንደ ትረካ ማንበብ ስለሚያውቁ አክሽን ፊልም ለመሸለም ሌላ ካባ መልበስ አላስፈለገውም። ሆሊውድ ግን የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰቨን ሳሙራይ» በአልባሳትና በአርት ዳይሬክሽን ብቻ አጭቶታል። በዝናብና በጭቃ ውስጥ የሚካሄደው የመጨረሻው ውጊያ የዓለምን ሲኒማ ለውጧል፤ ለዳይሬክተሩ የክብር ኦስካር የተሰጠው በ1990 ነው።

እንቅስቃሴ ያለ አስተርጓሚ የሚገባ ቋንቋ መሆኑን የኢትዮጵያ ተመልካች ያውቀዋል። ቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ በተስፋፉበት ዘመን በአግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የብሩስ ሊን፣ የጃኪ ቻንንና የራምቦን ፊልም የሚያየው ታዳሚ አብዛኛው እንግሊዝኛውንም ቻይንኛውንም አይሰማም ነበር። ሆኖም አክተሩ ለምን እንደተቆጣ፣ ማን እንደከዳው፣ መቼ እንደሚታገሥና መቼ እንደሚነሳ ይከተል ነበር። ንግግሩን ሳይሰማ ታሪኩን አይቷል፤ ታሪኩ በእንቅስቃሴው ውስጥ ባይኖር ኖሮ ይህ አይሆንም። «ታሪክ የለውም» ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ አያሻም።

በ2023 «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ሰባት ኦስካር ሲያሸንፍ፣ ሚሼል ዮም ምርጥ ተዋናይት ስትባል፣ ችግሩ ተፈቷል ያሉ ነበሩ። ዮ በሆንግ ኮንግ አክሽን ፊልሞች ውስጥ ያደገች ናትና ሽልማቱ ለዚያ ትምህርት ቤትም ክብር ነው። ነገር ግን ስለ ፊልሙ የተነገረው ሁሉ ስለ እናትና ልጅ፣ ስለ ስደተኛ ቤተሰብ ኑሮ ነበር። ውጊያዎቹን ያቀናበሩት ወንድማማቾች አንዲና ብራያን ሊ የማርሻል አርት ፊልሞችን እያዩ ራሳቸውን ያስተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ ሰባት ሽልማት በተሰጠበት ምሽት የእነሱን ሥራ የሚጠራ ዘርፍ አልነበረም። ከዚያ ሁለት አሥርት ዓመታት በፊት «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራገን» በአሥር ዘርፎች ታጭቶ አራት ሲያሸንፍ፣ በቀርከሃው ጫፍ ላይ የሚካሄደውን ውጊያ ያቀናበረው ዩዌን ዎ-ፒንግም የሚታጭበት ቦታ አልነበረውም።

አካዳሚው በኤፕሪል 2025 የስታንት ዲዛይን ዘርፍ እንደሚከፍት አስታውቋል። የመጀመሪያው ሽልማት በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች በ2028፣ በመቶኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ይሰጣል። ከጊል የመጀመሪያ ጥያቄ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጠበቀ ውሳኔ ነው፤ ለስታንት ባለሙያዎች የሚገባቸው ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተርና የምርጥ ተዋናይ መለኪያ ግን በዚህ ውሳኔ አልተነካም። መራጮቹ የስታንቱን ሽልማት ለአንድ አክሽን ፊልም ሰጥተው ዳይሬክተሩን ከዕጩዎቹ ዝርዝር ውጭ ካስቀሩት፣ አዲሱ ዘርፍ ከድምፅና ከኤዲቲንግ ጎን የተጨመረ ሌላ የማጽናኛ ሽልማት ከመሆን አያልፍም።